ምስጥ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ባቱ የአበባ እርሻዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኬሚካል ስለቀነሰው «አዳኝ ምስጥ» የሚለውን ማለቴ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ፣ ተናድጄ ስልኬን አስቀመጥኩት።

ምስጥ እኮ ቤት የሚበላ ነው! ምሰሶ፣ ማገር፣ የበር መቃን የሚጨርስ። በማግስቱ እናቴ ደውላ «ምስጥ የምትበትኑት እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለችኝ። እሷን አስረዳኋት። ከግሪንሀውሱ አጥር ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱትን ጎረቤቶቻችንንስ ማን ያስረዳልኝ? አንድ አባት መንገድ ላይ አስቁመውኝ ጠየቁኝ። የእንጨት ቤት ያላቸው ሰው ቢፈሩ ምን ይፈረድባቸዋል?

እናንተ «ምስጥ» ያላችኋትን እኛ ፕሬዳተር (አዳኝ) ነው የምንላት። ሙሉ ስሟ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የምታህል፣ ብርቱካንማ፣ 8 እግር ያላት ፍጥረት ናት። ዘመዶቿ ሸረሪትና መዥገር እንጂ ምስጥ አይደለም። እንጨት አትነካም፣ ቅጠልም አትበላም። የምትኖረው የአበባውን ቅጠል የሚመጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ ሬድ ስፓይደርን፣ እየበላች ነው፤ በቀን 5 ያህል ትልልቁን ወይም 20 ያህል እንቁላሉን ትጨርሳለች። እሱ ሲያልቅባት እሷም በረሀብ ታልቃለች። የማንንም ሽንኩርት አታበላሽም።

ዘገባችሁ ደግሞ «አንዴ ከተበተኑ ሥራውን ራሳቸው ይሠሩታል» ይላል። ያበገነኝ ይሄ ነው። የት እንደሚበተኑ ማን ያሳያቸዋል? እኔ 7 ዓመት ስካውት፣ ማለትም ተባይ ፈልጎ የሚቆጥር ሠራተኛ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት ሌንሴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቤድ በቤድ (የአበባውን መደብ ተራ በተራ) እሄዳለሁ። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቅጠል እገለብጣለሁ። ላዩ በመርፌ የተወጋጋ ከመሰለ፣ ከጀርባው ስስ ድር፣ ድሩ ውስጥ ደግሞ እንደ አሸዋ ያሉ እንቁላሎች አሉ ማለት ነው። ሪባን አስራለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ፕሬዳተሯ የምትበተነው ሪባኑ ያለበት ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትጣል የምትበላው አጥታ ትሞታለች። በጋ ላይ የባቱ አየር ሲደርቅ የሷ እንቁላል ይጨማደዳል፣ ሬድ ስፓይደሩ ግን ሙቀትና ድርቀት ይስማማዋል። ያን ሳምንት ካልቆጠርን አበባው ድር ለብሶ ይጠብቀናል።

አንድ ጊዜ አንድ ሱፐርቫይዘር ለትሪፕስ (ለሌላ ጥቃቅን ተባይ) ብሎ ሳይነግረን ኬሚካል አስረጨ። በማግስቱ ሌንሴን ሳስጠጋ ብርቱካንማዎቹ ቅጠሉ ላይ ደርቀው ቀርተዋል፣ ሬድ ስፓይደሩ መድኃኒቱን ስለለመደው ይራመዳል። የ3 ሳምንት ልፋታችን ገደል ገባ። ተባዩ ለምን ተመለሰ ተብለን የተገሰጽነው ግን እኛው ነን።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ፕሬዳተር ከመጣ ወዲህ መርጨት ቀንሷል፣ ማታ ማታ ይይዘኝ የነበረው ራስ ምታትም ለቆኛል። ስለዚህ ነገር ሲጻፍ በትክክል እንዲጻፍ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ዘጋቢያችሁ የመጣ ቀን አራት ሴቶች እዚያው ጎንበስ ብለን እንሠራ ነበር። አንዳችንንም አልጠየቀም። የፕሬዳተሯን ጠርሙስ ይዘው ከቆሙት ኃላፊ ኋላ ፎቶው ላይ የአንዲት ሴት ጀርባ ይታያል። የኔ ነው።

እባካችሁ ማረሚያ አውጡ። «ምስጥ» የሚለውን ሰርዙ፣ ስካውቶች መኖራችንንም ጨምሩበት።

ከባቱ፣ አንዲት ስካውት