ልንነካው ስንፈራ ለነካሽው እህታችን

ስምሽን አልጠየቅንሽም። ከሚኒባሱ ዘለሽ የወረድሽው፣ ግራጫ ጃኬት የለበስሽው እህታችን፣ ይህ መልእክት ላንቺ ነው። የሚያውቅሽ ሰው ካነበበው ያድርስልን።

መብረቅ የመታው ወንድሜ ተርፏል። ከሁሉም በፊት ይህን እወቂልኝ።

የዚያን ቀን ሦስት ሆነን በብስክሌት ወጥተን ነበር፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ጓደኛችን። ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቆረ። ብልጭ ሲል ወንድሜ መቁጠር ጀመረ። ነጎድጓዱ የተሰማው 12 ላይ ነው። ድምፅ 1 ኪሎሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። «4 ኪሎሜትር ነው፣ ገና ነው» አለን። ስሌቱ ልክ ነበር። «ገና ነው» ማለታችን ነው ጉድ የሠራን። ከብልጭታው እስከ ድምፁ 30 ሰከንድ ካልሞላ፣ መብረቁ ያሉበት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ያኔውኑ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት ነበረብን። እኛ ፔዳል ረገጥን። ዝናቡ ሲበረታብን ደግሞ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር ተጠለልን።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነጭ ብርሃን ነው። ጆሮዬ ጭው አለ። መብረቁ ዛፉን መትቶ፣ ከግንዱ ወንድሜ ላይ ዘሎ ነበር። ስነሳ በጀርባው ተዘርሯል። አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ራቅ ብሎ ወድቋል። ሮጥኩ፤ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ግን ቆምኩ። የገዛ ወንድሜን መንካት ፈራሁ። ኤሌክትሪኩ ሰውነቱ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

«ንካው! መብረቅ ሰው ውስጥ አይቀርም!» ብለሽ የጮህሽብኝ ያኔ ነው። ከዛፉ አርቀን ጎተትነው። አይተነፍስም። ተንበርክከሽ ሁለት እጅሽን ደረቱ መሃል ላይ ደርበሽ መጫን ጀመርሽ። ጮክ ብለሽ ትቆጥሪ ነበር። 30 ስትደርሺ አፉ ላይ ሁለቴ ትተነፍሺና እንደገና ከ1። ውኃው ከፀጉርሽ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሲደክምሽ «አንተ ና» አልሽኝና ፍጥነቱን በድምፅሽ ሰጠሽኝ። ሰማዩ አሁንም ይጮህ ነበር። አንቺም ልትመቺ ትችዪ ነበር፤ ታውቂው ነበር መሰለኝ። ስንት ዙር እንደቆጠርን አላውቅም። አንዴ ብቻ፣ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ወጣ። ጃኬትሽን አውልቀሽ አለበስሽው።

ሾፌራችንም እግዚአብሔር ይስጥዎት። ተሳፋሪውን አጠጋግተው ሁላችንንም አስገቡን፤ በሩንም መስኮቱንም ዘጉ። ጓደኛችን «ጎማው ያድነናል» ሲል «ጎማው አይደለም ልጄ፣ ቆርቆሮው ነው፤ መብረቁን በውጭ በውጭ አሳልፎ ያወርደዋል» ያሉት እስካሁን በጆሮዬ አለ። እኛ እኮ የብስክሌቱንም ጎማ ተማምነን ነበር።

አምቡላንስ የጠራችሁ ተሳፋሪዎች፣ ሌሊቱን ሙሉ የልቡን ምት ስትከታተሉ ያደራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ውለታችሁን አንረሳም። ትከሻው ላይ እንደ ቅጠል ሥር የተዘረጋው ቀይ መስመር በ2 ቀን ጠፋ። አንድ ጆሮው ገና አልዳነም፤ ታምቡሩ ተቀዷል፣ እየታከመ ነው። ልቡ ግን ደህና ነው ብለውናል። እናታችን አንቺን ሳታነሳ ጸልያ አታውቅም።

ወንድሜ አሁን ነጎድጓድ ሲሰማ አይቆጥርም። ተነስቶ ይገባል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንንም አያስወጣም። እኔ ደግሞ ያንቺን አቆጣጠር ለመማር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ተመዝግቤያለሁ።

እህቴ፣ ጃኬትሽ እኛ ጋ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ወንድሜ «እኔው ራሴ ነኝ የምሰጣት» ብሎ ማንንም አያስነካም። እባክሽ ድምፅሽን አሰሚን።