የቅዳሜ ጠዋት የቅርጫት ኳስ ልምምድን ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
ደሴ

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄን የላክሁት ኳስ እንዲማር ነው፤ አሠልጣኙ ግን ሩብ ሰዓቱን በሩጫና በዝላይ ይጨርሱታል» አሉኝ። ቅሬታው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለሁላችሁም ልመልስ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ለደሴ ሰው አይነገርም፤ ያለነው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአልጋው ተነሥቶ የመጣ ልጅ ሰውነቱ እንደታሰረ ነው። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ አርፍዶ መጣና ሳያሟሙቅ ጨዋታ ውስጥ ገባ። ዘሎ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ ወጌሻ ቤት እየተመላለሰ ሦስት ሳምንት አነከሰ። ያስገባነው እኛ ነን፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካፖርቴን ደርቤ ከሜዳው ዳር እየቆምሁ አያለሁ። ልጆቹ በዝግታ ሁለት ሦስት ዙር ይሮጣሉ፤ ጉልበታቸውን ወደ ደረት እያነሡ፣ ክንዳቸውን እያዞሩ ይራመዳሉ። በእኛ ጊዜ የስፖርት መምህራችን የእግራችንን ጣት አስይዘው ረጅም ቁጥር ያስቆጥሩን ነበር። አሁን ያ ወደ ልምምዱ ማብቂያ ተዛውሯል፤ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ መያዝ የመዝለል ኃይልን ለጊዜው ይቀንሳልና። እኔን የማረከኝ ግን የማረፍ ልምምዱ ነው። ጉልበት ታጥፎ፣ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ሳይጠጋጉ፣ ያለ ድምፅ ማረፍ። «ጫማሽን ሰማሁት!» ይላሉ አሠልጣኙ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አምስት ጊዜ ደገመች፤ በስድስተኛው ጫማዋ አልተሰማም፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብሁ። ኳስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለት ሰልፍ ይቆማሉ፤ የአንዱ ሰልፍ ልጅ ኳስ እያነጠረ ሄዶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲጥል የሌላው ይለቅምና ያቀብላል።

ለግጥሚያ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ «እዚያማ ሞቃት ነው፣ ማሟሟቁ ለምን?» የምትሉም አላችሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ተጣጥፎ የወረደ እግር በአየሩ ሙቀት ብቻ አይፍታታም። እዚያም ሩጫውና ዝላዩ አይቀርም፤ ከጨዋታው በፊት ባለችው የመጨረሻ ደቂቃ ደግሞ ቅጣት ምት ይሞክራሉ። ተቀያሪዎችም ተራቸው እስኪደርስ ቱታቸውን አያወልቁም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ከጠዋቱ 12:45 ላይ ቱታ ደርበው ይድረሱ። ልምምዱ 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ያረፈደ ልጅ ለብቻው ሳያሟሙቅ ኳስ አይሰጠውም፤ እባካችሁ በዚህ አትቆጡን። ቁርስ ሻይና ዳቦ ይበቃል፤ ፍርፍሩ ከልምምድ ሲመለሱ ይጠብቃቸው። ዘበኛችን በሩን 12:30 ላይ ይከፍታሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር