ፊቱ ሳይያዝ ኮከቡ አይለጠፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። በድሬዳዋም በሐረርም ለሠርግና ለምርቃት ስጦታ ፖርትሬት (የሰው ፊት ሥዕል) ከነኮከቡ አሠርቶ መስጠት ተለምዷል። ደስ ይላል። ከሚሠራው ብዙው ግን ከስልክ የተገለበጠ ፎቶ ነው፤ ከኋላው አንበሳ ወይም ጊንጥ ይደረብበታል። ኮከቡን ብታነሡት ፊቱ ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ሥዕል የምናስተምር እንደመሆናችን ለወጣት ሠዓሊዎች ጥቂት ማለት ፈለግን።

ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት የትኛው ኮከብ እንደተፈለገ ይጠየቅ። በአውደ ነገሥት፣ በባህላዊው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ፣ ኮከብ የሚወጣው የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ ተደምረው፣ ለ12 ሲካፈሉ ከሚተርፈው ነው። የፈረንጁ በልደት ቀን ይሄዳል። ያው አንድ ሰው በአንዱ አሰድ (አንበሳ)፣ በሌላው ሑት (ዓሣ) ሊወጣ ይችላል። ልደት ከተመረጠ ደግሞ አቆጣጠሩ ይጣራ። መስከረም 20 የተወለደ ሰው ሚዛን ነው፤ ቀኑን እንዳለ ወስዶ ሴፕቴምበር 20 ላይ የፈለገ ግን ሰንቡላን አግኝቶ፣ ዛላ የያዘች ሴት ስሎ ያስረክባል። በእኛ አቆጣጠር ሚዛን ከመስከረም 13 እስከ ጥቅምት 12 ነው፤ ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች አንድ ቀን ይቀድማል። የኮከብ ዓምድ የምታወጡ ጋዜጦችም ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብታትሙት ብዙ ስሕተት ይቀራል።

ስለ ሸራው። አቡጀዲ ይበቃል፤ ነገር ግን ስታርቹ እንዲለቅና እንዲሰበሰብ መጀመሪያ ይታጠብ። ፍሬሙ ላይ ሲወጠር ከየጎኑ መሐል ተጀምሮ ወደ ማዕዘን ይሄዳል፤ ከማዕዘን የጀመረ ይጨማደድበታል። አንድ እጅ የእንጨት ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ቀጥኖ ይቀባ፤ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሦስት እጅ፣ ኮላ አንድ እጅ ተደባልቆ ሁለት ጊዜ ይደገም፤ በመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ርካሽ የግድግዳ ቀለም ዱቄቱ ብዙ፣ ማጣበቂያው ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ሲቀባ ሸራው በተጠቀለለ ቁጥር ይሰነጠቃል። ደረቅ ጀሶ የሚጨምርበትም አለ። ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ሲቀር ያየዋል።

ፊቱ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓይንን ወደ ላይ ሰቅለው ነው። ፀጉር የሸፈነውን ጨምሮ ከራስ ቅል ጫፍ እስከ አገጭ ሲለካ የአዋቂ ዓይን መሐል ላይ ነው፤ የሕፃን ከመሐል ዝቅ ይላል። ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ግርጌ መካከል ይቀመጣል።

ለጥቁር ቆዳ ጥላ ጥቁር ቀለም አያስፈልግም፤ ቆዳውን ያሞተዋል። ሁለት እጅ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ከአንድ እጅ አልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ጥልቅ፣ ሕይወት ያለው ጥላ ይሰጣል። መካከለኛው ላይ ቢጫ ኦከር ይጨመራል። ብርሃን የሚያርፍበትን በነጭ ብቻ ማንሣት ፊቱን አመድ የነካው ያስመስለዋል፤ መጀመሪያ በኦከርና በጥቂት ብርቱካናማ ይነሣ፣ ነጭ በመጨረሻ ጠብ ይበል። ደጅ ከሆነ ግንባርና የአፍንጫ ድልድይ ላይ የሰማይ ሰማያዊ ያርፋል፤ ተመልከቱት፣ ሳሉት።

በድሬዳዋ ሙቀት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ብሩሽ ላይ ሳለ ይደርቃል። ዝርግ ክዳን ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ተነጥፎ ቀለሙ እዚያ ይደባለቅ። ቬንትሌተሩ ወደ ሸራው አይዙር። ለማቅጠን ከሲሶ በላይ ውሃ አይጨመር፤ ማጣበቂያው ይላላና ቀለሙ ኋላ ይራገፋል። አክሪሊክ ሲደርቅ እንደሚጠቁርም አይዘንጋ። ቁራጭ ካርቶን ላይ አድርቆ ማየት ይሻላል።

አሁን ወደ ኮከቡ። በእሳት ለሚመደቡት ለሐመል (በግ)፣ ለአሰድና ለቀውስ (ቀስት) ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ዝቅ ያለ የጎን ፀሐይ ይበቃል፤ ጉንጩን ራሱ ያቀላዋል። ለውሃዎቹ፣ ለሸርጣን፣ ለአቅራብ (ጊንጥ)ና ለሑት፣ ሞዴሉ ጭን ላይ ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፋችሁ ፀሐይ ፊት አስቀምጡት፤ ነጸብራቁ ከአገጩ ሥር ይገባል። ሰንቡላ የስንዴ ዛላ ትያዝ የሚል ግዴታ የለም፤ የሐረርጌ ማሽላ ዛላ አለላችሁ። ለገውዝም (መንታዎቹ) ሁለት ፊት መደረብ ልማድ ሆኗል፤ የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በሁለት የቋጠረችበት ጉፍታ ግን መንታነቱን በአንድ ፊት ይናገራል። ጊንጥ መሳል ግድ ከሆነ እግሩ ስምንት ነው፤ በስድስት እግር የተሳለ ብዙ ነው፣ መቆንጠጫዎቹም ለብቻቸው ናቸው።

ከዋክብቱን በጀርባ የምትበትኑ ደግሞ እኩል አታድርጓቸው። በጥር ምሽት ከድሬዳዋ ቀና ብላችሁ ብታዩ የሠውር (የበሬው) ዓይን፣ አልደበራን የሚባለው ኮከብ፣ ከአናት በላይ ብርቱካናማ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፤ የሠውር ሌሎች ከዋክብት ያንሱታል። በጥርስ ብሩሽ ስትረጩ ፊቱን በተቆረጠ ወረቀት ሸፍኑ፤ ቀለሙ ከቀጠነ ጠብታው ወርዶ ይንቆረቆራል። ወርቅማ የነሐስ ዱቄት ከጊዜ ጋር ይጠቁራል፤ ከፈለጋችሁት በቫርኒሽ ይዘጋ።

የኮከብ ነገር ወይም የሰው ምስል ቤቱ እንዲገባ የማይፈልግ ሰውም አለ። ስጦታው ሳይታዘዝ በፊት ይጠየቅ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚላክ ሥዕል ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ በሰፊ ቱቦ ላይ። አክሪሊክ በሙቀት ስለሚለሰልስ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ ይጣበቃል። ንጹሕ ጨርቅ ይበጃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥዕል አስተማሪዎች፣ ድሬዳዋ