ችግሩ ኩበቱ ሳይሆን ውሃው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

የቢሾፍቱ ላም አርቢዎች ሐይቆቹን እየበከሉ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎቶ ወጥቷል። አጥር ሥር የተከመረ ኩበት ነው። ከሥሩ «ብክለት» ተብሎ ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ያ ክምር እኮ ንጹሑ ነው! ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተቆጥሮ የሚሸጥ ነገር ነው። ጠላ ጠማቂዎችና እንጀራ ጋጋሪዎች በጋሪ እየጫኑ ይወስዱታል። ደረቅ ኩበት እግር አውጥቶ ሐይቅ አይገባም። ሐይቅ የሚገባው ፎቶ ላይ የማይታየው ነው።

ጽሑፉ ውሸት ነው ልል ግን አይደለም። እኔ ራሴ በክያለሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የዘጠኝ የሚታለቡ ላሞች ባለቤት ነኝ። ጊደሮቹና ጥጆቹ ሲጨመሩ አሥራ አራት ራስ ናቸው። ባለቤቴ ሲያርፍ ሁለት ላሞች ትቶልኝ ነበር፤ ከእነሱ ነው የተነሳሁት። ሁሉም ክልስ ናቸው። አንዲት ክልስ ላም ሽንቷ ሳይቆጠር በቀን 25 ኪሎ ያህል እበት ትጥላለች። የትንንሾቹን ብተወው እንኳ የዘጠኙ ብቻ በወር ከስድስት ቶን ይበልጣል። ወተት ሸጬ አድራለሁ እላለሁ እንጂ፣ በኪሎ ከሆነ ዋናው ምርቴ እበት ነው።

በበጋ ይህ ችግር አይደለም። ፀሐይ አለ፣ ቦታ አለ፣ ኩበት ገዢ አለ። ጣጣው በክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ኩበት አይደርቅም። ላሟ ግን ክረምት ነው ብላ አትቀንስም። ስለዚህ እበቱ የሚጠራቀመው ልክ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከሰባት ዓመት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። «ፍሳሽሽን ወደ መንገድ አትልቀቂ፣ ጉድጓድ አስቆፍሪ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ አስቆፈርኩ። አራት ሜትር። ከሁለት ሜትር በኋላ ቀይ አሸዋ ወጣ። ቆፋሪዎቹ ደስ አላቸው፤ ቀይ አሸዋ ለመቆፈር አያስቸግርም። ሰዎቹ ተመልሰው አዩና «ጎበዝ» ብለውኝ ሄዱ። ወለሉ ምንድን ነው፣ ግድግዳው ተለስኗል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያ ጉድጓድ አይሞላም ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ወይ ፍንክች። ጎረቤት በየጊዜው የማስመጠጫ መኪና ሲለምን፣ እኔ ለአንድ ቀን እንኳ ጠርቼ አላውቅም። እኮራበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ ወስጄ አሳይ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ?

አንድ የሚያዝያ ጠዋት ጎረቤቴ ወተት ሊወስዱ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ጆጋቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ቆሙ።

«ያ ጉድጓድሽ እንዴት ነው? ሞላ?»

«ኧረ አይሞላም ጋሼ፣ እግዜር ይመስገን።»

«የእኔ የውሃ ጉድጓድ ግን መሽተት ጀምሯል።»

ይህንን ብለው ወተታቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ የማይሞላው እየፈሰሰ ስለነበር ነው። ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ መሬት ናት። ሐይቆቻችን ራሳቸው እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ ላይ የተኛ ውሃ ናቸው። ቀይ አሸዋው ደግሞ ወንፊት በሉት። የሁለት ዓመት የላም ሽንትና የእበት እጣቢ በሙሉ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወርዷል። የጋሼ ውሃ ለልብስና ለጓሮ ጎመን ነበር የሚውለው። ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ሲጠፋ ግን ለወጥም ይቀዱ ነበር። እሱን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ጉድጓዱን አስደፈንኩ። በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ወለሉም ግድግዳውም የተለሰነ ሌላ አሠራሁ። በአሥራ አንድ ቀን ሞላ! ግንበኛውን ልከስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የእኔ ችግር እበት ሳይሆን ውሃ ነበር። ላሞቹን የሚያልብልኝ ልጅ ጠዋትና ማታ በውሃ ጎማ ነበር በረቱን የሚያጥበው። እበቱን በውሃ እየገፋ ወደ ጉድጓዱ። በቀን ወደ አንድ ሺህ ሊትር ይሄድ ነበር። በረቱ ያብረቀርቅ ነበር፣ ሰው ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ንጹሕ በረት ነው» ይል ነበር። እንደወደቀ ያለ እበት በአካፋ የሚታፈስ ነገር ነው። ተከምሮ ይቀመጣል፣ ይሸጣል፣ ማዳበሪያ ይሆናል። ውሃ የነካው ዕለት ግን ፍሳሽ ይሆናል፤ ፍሳሽ ደግሞ ማንም አይገዛም፣ ማንም አይሸከምም፣ ቁልቁለት ያገኘ እንደሆነ በራሱ ይሄዳል።

አሁን ሥርዓቱ ተቀይሯል። መጀመሪያ አካፋ፣ ቀጥሎ መጥረጊያ፣ መጨረሻ ላይ ባልዲ። ላሞቹ የሚተኙበት ላይ ጭድ እንበትናለን፤ ሽንቱን ይጠጣል። ጎማውን ቆልፌበታለሁ። ልጁ ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ያ በአሥራ አንድ ቀን የሞላ ጉድጓድ ግን አሁን ከአንድ ወር በላይ ይቆያል።

ጣሪያውንም አሸንዳ አደረግሁለት። የበረቴ ጣሪያ መቶ ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 3 ሺህ ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ዱሮ እበቱ ክምር ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን በርሜልና ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ላሞቹ ይጠጡታል። ለአሸንዳ ያወጣሁት ብር ለጉድጓዱ ካወጣሁት ሲሶ አይሞላም። ማንም ባለሙያ ግን አሸንዳ ሥሪ ብሎኝ አያውቅም።

«ባዮጋዝ ለምን አትሠሩም?» ይላል ጽሑፋችሁ። እበት ታምቆ የማብሰያ ጋዝ የሚወጣበት ጉድጓድ ማለት ነው። እኔ አለኝ፣ 8 ሜትር ኩብ። ስለሱም እውነቱን ልናገር። ጥሩ ነገር ነው። ወጥ እሠራበታለሁ፣ ወተት አፈላበታለሁ። እንጀራ ግን አይጋግርልኝም፤ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ነበልባል የለውም። አንድ ጊዜ እሳቱ እየተንቀጠቀጠ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሠሪ ፍለጋ ሰባት ወር ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ልጅ መጣ፣ ቱቦው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ያለችውን ቧንቧ ከፈተ፣ ሁለት ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ፈሰሰ፣ አለቀ። ከጋዙ ጋር የሚወጣው እንፋሎት ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ በየጊዜው ማፍሰስ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ለዚህ ሰባት ወር ከሰል ገዛሁ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የእኔ ባዮጋዝ በቀን የሚበላው 50 ኪሎ ያህል እበት ነው፣ ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ። የቀረውስ? የገባውም ቢሆን አይጠፋም። ጋዙ ይወጣል እንጂ ዝቃጩ በወዲያኛው አፍ ተመልሶ ይመጣል። ለአትክልት ግሩም ማዳበሪያ ነው። የሚወስደው ሰው ካልተገኘ ግን ያው ፍሳሽ ነው።

ጽሑፋችሁ ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ወተቱ ራሱ። ላም አትጾምም። በሁዳዴ 55 ቀን የወተት ገበያ ይሞታል፣ ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። ቅቤ እናወጣለን፣ አይብ እንሠራለን፣ ግን ሁሉም አይቻልም። አንድ ሁዳዴ 40 ሊትር የተበላሸ ወተት ቦይ ውስጥ ደፍቻለሁ። ወተት ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ። አጓቱንማ ሁላችንም በየቀኑ ነበር የምንደፋው። በኋላ አንድ የተማረ ዘመዴ ነገረኝ። ወተት ውሃ ውስጥ ሲገባ እሱን የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሊትር በሊትር ቢመዘን ከሽንት ቤት ፍሳሽ በመቶዎች እጥፍ ይብሳል። ዓሣው የሚታፈነው በዚህ ነው። አሁን አጓቱን ለከብቶቹ እሰጣለሁ፤ ቡሬ የምትባለው ላሜ ጆጉን ሳታይ ሽታውን ታውቀዋለች። የተበላሸ ወተት ካለ ከደረቅ ፍግና ከጭድ ጋር ይደባለቃል። ቦይ አይነካም።

ስለ አየር ንብረትም ጠቅሳችኋል። አየሩን የሚያሞቀው የላም ጋዝ፣ ሚቴን፣ ሲባል ሰው በላሟ ጭራ በኩል ያስባል። አብዛኛው የሚወጣው በአፏ ነው፣ ስታመሰኳ እያገሳች። ሁለት ሊትር የምትሰጠውም፣ አሥራ አምስት የምትሰጠውም ያገሳሉ። ስለዚህ ጥሩ መኖ አብልቶ በጥቂት ላሞች ብዙ ወተት ማግኘት ለአየሩም ለኪሴም ይሻላል። ሦስት ሰነፍ ላሞች ሸጫለሁ፤ ወተቴ ብዙም አልቀነሰም። የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ ግን ይህንን ምክር የሚያስታውስ አይመስልም።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ። ሐይቆቻችን ሆራም፣ ቢሾፍቱም፣ ባቦጋያም ጎርፍ ይገባባቸዋል እንጂ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የላቸውም። የገባባቸው ነገር እዚያው ይቀራል። ውሃው አረንጓዴ የሚሆነው በማዳበሪያ ነው፤ ያው ለጎመን የሚሆነው ማዳበሪያ አልጌ ያሳድጋል። ከዶሮ እርባታው፣ ከሆቴሉ፣ ከየቤቱ የሳሙና እጣቢም ይገባል። የላሞቹ ድርሻ ስንት እንደሆነ የለካ ካለ አውጡልን፣ እንከራከርበት። እስከዚያ የራሴን ድርሻ አልክድም።

መፍትሔ ተብሎ የቀረበው «ከከተማ ይውጡ» ነው። የት? ሌላ ቁልቁለት ላይ፣ ሌላ ሰው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ? ከከተማችን ወጣ ስትሉ የአድአ ጤፍ ማሳ ነው። ገበሬው በዩሪያ ማዳበሪያ ዋጋ ያለቅሳል። እኔ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በየወሩ ስድስት ቶን እበት ይወድቃል። በመካከላችን ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትርና የጋሪ ሒሳብ ብቻ ነው። እርጥብ እበት ከባድ ነው፤ ገበሬው በራሱ ወጪ አይጭነውም፣ እኔም አልችልም። (ኩበት ማቃጠላችንም ራሱ ማሳው የሚበላውን መቀማት ነው፤ ይህንንም አውቃለሁ።)

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተማው ዳር ላይ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ጣሪያ ያለው አንድ የእበት ማጠራቀሚያ ይሠራ። ለክረምቱ ሦስት ወር ብቻ ቢሆን እንኳ። እኛ ለማስጫኛው በላም ቁጥር እናዋጣ። እዚያው ይብላላና በመስከረም ለገበሬው ይሸጥ። ጉድጓድ ቆፍሩ የሚል ባለሙያም ወለሉን ሳያይ «ጎበዝ» አይበል። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ በየበረቱ እየዞሩ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ቢያዩልን በደስታ ነው የምናስገባቸው።

የጋሼ ጉድጓድ ሽታው ጠፍቷል። ለወጥ ግን አሁንም አይቀዱበትም፣ እኔም ቅዱ አልላቸውም። ወተታቸውን በየጠዋቱ ያለ ሒሳብ ነው የምሰጣቸው፤ ሒሳብ ላድርግ ሲሉ እኔ እያፈርኩ፣ እሳቸውም እያፈሩ እንለያያለን።

ጋዜጠኛችሁ ሁለተኛ ከመጣ በሐምሌ ይምጣ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዝናብ አድሮ ከሆነ የተሻለ ነው። ቦቲ ጫማ ይያዝ። ካሜራውን ወደ ኩበቱ ሳይሆን ወደ ቦዩ ያዙር።

የዘጠኝ ላሞች ባለቤት
ከቢሾፍቱ