ለአዘጋጁ፦ እኛስ የት ገባን?

ሰሞኑን ስለ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ሳንባ ምች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ጽሑፉ መጥፎ አይደለም። ያናደደችኝ መሃል ላይ ያለችው ሳጥን ናት፤ በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ከተኙ አዋቂዎች የሳንባ ምች የሚያሰጋው ማንን እንደሆነ የምትዘረዝረዋ። አረጋውያን አሉ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው አሉ። የልብና የስኳር ሕመምተኞች፣ አጫሾችም አልቀሩም። ከሥር «ሌሎቻችሁ ግን ዕረፍትና ፈሳሽ ይበቃችኋል» ተብሎ ተዘጋ።

በመድኃኒት የተነሳ በሽታ የመከላከል አቅማችን የተዳከመውስ? ኩላሊት የተተከለላቸው፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያሉ፣ እንደ እኔ ለሩማቶይድ አርትራይተስ (ለመገጣጠሚያ ሕመም) ፕሬድኒሶሎን የሚውጡ? «ሌሎቻችሁ» ውስጥ ነን ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለን፤ በአንዲት ሳጥን ተፈወስን!

የሚገርመው፣ ሆስፒታል የሚያስገባውና ከገቡ በኋላ ምች የሚያመጣው ሁሌ አንድ እንዳልሆነ በደንብ ጽፋችኋል። አስም ብዙ ሰው ያስተኛል፤ ምች ግን ላያመጣ ይችላል። እውነት ነው። ይህን የለየ ጸሐፊ እኛን እንዴት ሳተን?

ቫይረሱ ራሱ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። ካልሆነም የመተንፈሻ ቧንቧን አቁስሎ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ ወረርሽኝ አብዛኞቹን የጨረሰው ይኸው በላዩ የተደረበ የባክቴሪያ ምች ነው። መከላከያው የላላ ሰው ለሁለቱም የተጋለጠ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ይችላል። ኢንፍሉዌንዛ ይዞኝ አንድ ሆስፒታል ስሄድ ምን እንደምውጥ ብናገርም የሰማኝ የለም። ቴርሞሜትሩ 37.4 አለ። «ትኩሳት እኮ የለሽም» ተባልኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ የጀመርኩትን ወሬ መጨረስ አቅቶኛል፤ እነሱ ቁጥሩን ያያሉ። ማታ ራጅ ስነሳ የቀኝ ሳንባዬ ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ታየ፤ የሳንባ ምች ነበር። የእናንተን ሳጥን የመሰለ ነገር ግድግዳቸው ላይ ለጥፈው ይሆን?

ፀረ ቫይረሱ ኦሰልታሚቪር ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። እናንተን አምኖ «እኔን አይመለከትም» ያለ የካንሰር ታካሚ እነዚያን ሁለት ቀናት ፈሳሽ ሲጠጣ ሊያሳልፋቸው ይችላል። ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን።

አንዲት አንባቢያችሁ