ከሲዳማዋ ሌኩ ገባ ብላ ላለችው ጤና ኬላ፣ ለዛች ሴትዮና ለሁላችሁም፦ ምስጋናዬ ይኸው

ሰላም ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ ከሀዋሳ ውጪም ያላችሁ ወገኖቼ።

ይሄን ልጽፍ ስል አራት ቀን ሆነኝ፣ ስልኬን ከፍቼ ሁለት መስመር እጽፍና እንባዬ ይመጣል፣ እዘጋዋለሁ። ዛሬ ልጆቹን አስተኝቼ በቃ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ቁጭ ብያለሁ፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

የእማዬን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በማህፀን በር ካንሰር ነው ያጣናት። ለቅሶ ደርሳችሁኛል፣ ከዛም በፊት አዲስ አበባ ለጨረር ተራ ስንጠብቅ ስልካችሁ ተቋርጦብኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ደግሜ አልተርከውም፣ አልችልምም። ለሙት ዓመቷ ድግስ ከምንደግስ ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ያሉትን ሴቶች ለዚሁ በሽታ ብናስመረምርስ ያልኩ ጊዜ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይዞሽ ብላችሁኝ የምታልፉ ነበር የመሰለኝ። ይኸው ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ ሶስት ቀን ሙሉ ተሰርቶ አለቀ፣ እኔ ግን አሁንም አላመንኩም።

በቅድሚያ የእረፍት ቀናቸውን ሰጥተው ለመጡት ነርሶችና ሚድዋይፎች፣ ለጤና ጣቢያው ሰዎች፣ ለሰፈራችን እድር (ድንኳኑም ወንበሩም የናንተ ነው)፣ ቤተክርስቲያን ላይ ላስነገሩልን ፓስተር፣ ከውጭ ብር ለላካችሁ ዘመዶቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ክበሩልኝ። መኪና እኔ እሰጣለሁ ብሎ ሲያበቃ ለሐሙስ አጥቢያ ስልኩን ላጠፋው ሰውም ሰላም ይሁን፣ ባንተ ምክንያት ሁለት ደግ የባጃጅ ሹፌሮች አወቅን፣ ያን ሁሉ ካርቶን ጭነው ፒስታውን እየነጠሩ ደርሰው ቀሪ ሂሳብ አንቀበልም ያሉ።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች፣ አልጽፍም፣ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ናት፣ ሰፈሩ ግን ዶክተሬ ነው የሚላት። ከአስረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሰልጥና እዛው ሰፈሯ የተመደበች፣ በር ሳታንኳኳ የምትገባበት ቤት የበዛላት ሴት ናት።

መጀመሪያ ከሀዋሳ ሄጄ ያገኘኋት ቀን የጻፍነውን ወረቀት አሳየኋት፣ "የገጠር ሴቶች ስለ ማህፀን በር ካንሰር ግንዛቤ ስለሌላቸው" ምናምን እያለ የሚጀምር፣ ድጋፍ ስንጠይቅ ለየቢሮው ያስገባነው። አንብባ ሳቀች። እንዲህ በክፋት ሳይሆን እህትሽ እንደምትስቅብሽ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስነግራቸው ኖሬ ግንዛቤ የላቸውም ትያለሽ? ሴቶቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው አለች፣ በሩ ይቆለፋል ወይ ነው የሚሉኝ። ተነስታ በሩን አሳየችኝ። አይቆለፍም። መቀርቀሪያው ከተነቀለ ስንት ጊዜው፣ በድንጋይ ነው የሚደገፈው፣ መስኮቱ ደግሞ ግማሹ መስታወት የለውም፣ ፊት ለፊቱ የቡና መንገድ ነው፣ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይውላል። እዚህ ልብሴን አውልቄ ልተኛ የምትል ሴት ማናት? እኔስ እተኛ ነበር?

እኛ ብሮሸር ስናሳትም፣ ባነር ስናሰፋ፣ የባነሩ ቀለም ሮዝ ይሁን ሐምራዊ ብለን አንድ ሳምንት ስንጨቃጨቅ እሷ ያሰበችው መቀርቀሪያውን ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስንደርስ ከራሷ ጓዳ በር ነቅላ ያመጣችውን መቀርቀሪያ ራሷ በመዶሻ ስትቸነክር ነው ያገኘናት፣ ምስማር በከንፈሯ ይዛ። መስኮቱ ላይ የቤቷን መጋረጃ ሰቅላለች፣ አበባ አበባ ያለበት፣ ታጥቦ ገና ያልደረቀ። እዛች መጋረጃ ላይ ነው እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት በነጠላ ስር ደብቃ የኖረችው እንዲህ ያለ መጋረጃ የሚሰቅልላት ሰው አጥታ ይሆን አልኩ።

ይቅርታ ወደ ነገሩ ልመለስ።

ሞንታርቦም ይዘን ሄደን ነበር። የኛ ልጅ ገና ማይኩን አንስቶ "እናቶች! የማህፀን..." ሲል ሮጣ ሄዳ ነጠቀችው። ዝጉት አለች። በሞንታርቦ ማህፀን እየተባለ ተጠርታ ማን ትመጣለች፣ የመጣች ሁሉ ታማ ነው ይባላል። በሷ ቤት ቡና ተፈላ፣ ከጤና ኬላው ጀርባ፣ መሀሉ እንሰት ነው። ሴቶቹ ለቡና መጡ፣ ከቡናው አንድ በአንድ በእንሰቱ ውስጥ ለውስጥ አድርገው በጓሮ ይገባሉ፣ ጨርሰው በዛው ይመለሳሉ፣ ከመንገድ የሚያይ የለም። እኛ ያሳመርነው ድንኳን ሶስት ቀን ሙሉ የህጻናት መጫወቻ ሆነ።

እና መጀመሪያ የተመረመረችው ራሷ ናት። ወጥታ ተመልሳ ረከቦቷ ጋ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን ስትቀዳ ሴቶቹ ሁሉ አረማመዷን ያያሉ፣ ፊቷን ያያሉ። እዛች የምትቀመጠው ዱካ ላይ እንዴት ቀስ ብላ እንደምትቀመጥ እንኳ እያዩ ነበር፣ እሷም ገብቷታል፣ እያወቀች ዱብ ብላ ተቀመጠች። ያኔ ነው የመጀመሪያዋ የተነሳችው።

ስፔኩለሙንም፣ የማህፀን በር እንዲታይ የሚከፍተውን መሣሪያ፣ ለያንዳንዳቸው በእጃቸው አስያዘቻቸው፣ ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ጥርስ አለው? የለውም አለቻቸው። የኔ ሲዳምኛ የገበያ ስለሆነ ግማሹን ሳቅ ሳልረዳው ነው የቀረው። አንዷ እናት ግን ነርሷ በጥጥ የምትቀባው ነገር ምንድነው ብለው ሲጠይቁ አሴቲክ አሲድ ተባሉ፣ እሷ ያው አቼቶ ማለት ነው ብላ ስታብራራላቸው "ሰላጣ አደረጋችሁኝ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዛ በኋላ የገባች ሁሉ ወደ ሰላጣው ልሂድ እያለች ነው የገባችው።

ለማታውቁ እህቶቼ ይሄው ነው ምርመራው በቃ። ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ጤነኛ ያልሆነ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ከካንሰር በፊት ያለው ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከአስር ዓመት በላይ ይወስዳል፣ በዛ መሀል ከተገኘ እዛው አልጋ ላይ ቴርማል በሚባለው በሙቀት በሚሰራ ማሽን ይተኮሳል፣ ብዙም አይቆይም፣ ትነሺና ቡናሽን ትጠጫለሽ። እማዬ ያን ሁሉ ዓመት ነበራት። እባካችሁ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እዚሁ ሀዋሳ ውስጥ ያላችሁም ሂዱ፣ ኤች አይ ቪ በደማችሁ ያለ ደግሞ ሰላሳን አትጠብቁ። ነጻ ናችሁ ብትባሉም በተባላችሁበት ጊዜ ተመለሱ።

ቴርማሉን ካነሳሁ የስልክ ቻርጅ ሱቅ ያለውን ልጅ ልርሳው እንዴ! አርብ መብራት የለም፣ የማሽኑ ባትሪ አለቀ፣ ነጭ የታየባቸው ሁለት እናቶች ቁጭ ብለዋል፣ ተመልሰው ይመጡ ይሆን እያልን ሆዳችን ተርበተበተ። ልጁ በሶላር ነው የሚሰራው፣ በብር የተሰካ የሰው ስልክ ግድግዳውን ሞልቶታል። ምን እንደሆነ ስንነግረው አንድ ቃል ሳይናገር ስልኩን ሁሉ ነቅሎ የኛን ሰካ። ባለስልኮቹ ሲመጡ ምን ብሎ እንዳስታረቃቸው አላውቅም። አንተ ልጅ፣ ያንተ እናት ትኑርልህ።

ወደሷ ልመለስ፣ አላለቀችልኝም። የተተኮሰች ሴት አራት ሳምንት ከባሏ ጋር አትገናኝም፣ ቁስሉ እስኪድን። ነርሷ ይሄን ስትናገር ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷማ እሱን አንቺ ንገሪልኝ አለቻት። ሄደች! ቅዳሜ ማታ፣ የደከመ እግሯን እየጎተተች፣ ከቤት ቤት፣ እኔም ባትሪ ይዤላት ተከትያታለሁ። አንደኛው አባወራ አኩርፎ ከብቶቹን ሲያስገባ ዝም ብሎ ሰማት፣ አንድ ወር? አለ። አንድ ወር አለችው። ለቡና ለቀማ ይርጋለም ስትሄድስ ስንት ወር ነበር የቆየኸው? ሳቀ ሰውየው፣ ግቡ ብሎ ቡርሳሜ፣ የእንሰት ምግብ በቅቤ፣ በሻፌታ፣ በሸክላ ገበታው፣ አቀረበልን፣ በዛ ሰዓት፣ ቅቤው እየተንጠባጠበ። ባሎች እንቢ ይላሉ ብዬ በወረቀቱ ላይ የጻፍኩትንም ሰረዝኩት። እንቢ የሚል የለም ማለቴ አይደለም፣ አንድ ቤት በሩን አልከፈቱልንም፣ ግን የሚነግራቸው ሰው ቀድሞ ሄዶ አያውቅም ነበር።

ሪፈር የተባለች አንዲት እናት ነበሩ። ስለሳቸው ብዙ አልልም። ሰኞ ሀዋሳ ይዛቸው የመጣችው እሷ ናት፣ ከራሷ ደሞዝ ሚኒባስ ከፍላ፣ ወረፋው ላይ አብራ ተቀምጣ፣ ቆሎ በፌስታል ይዛ። ቤትሽ አሳድሪን ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም፣ ደውዬ ነው የደረስኩባት። ቀጠሯቸውን እየተከታተልን ነው፣ ጸልዩላቸው።

እህቴ፣ ስምሽን አልጻፍኩም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ግን ሀዋሳ ስትመጪ ቤቴ ሳትገቢ ብትመለሺ እንጣላለን። እማዬ ብትኖር እጅሽን ትስምሽ ነበር፣ እኔ ስስምሽ እጅሽን ሰበሰብሽብኝ።

ደግሞ ልጄን ላመሰግን። 14 ዓመቷ ነው፣ ክትባቱን ትምህርት ቤት ወስዳለች፣ ከ2011 ጀምሮ ለሴት ልጆች የሚሰጠውን የኤች ፒ ቪ ክትባት ማለቴ ነው፣ ቅዳሜ ይዣት ሄጄ እዛ ላሉት እኩዮቿ ክንዷን እያሳየች እዚህ ጋ ነው የወጉኝ፣ ትንሽ ነው የሚያመው ስትል ሰማኋት። ማንም ሂጂ ተናገሪ አላላትም።

እንግዲህ ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፣ እንጀራ የጋገራችሁ፣ ጓንት በካርቶን አምጥታችሁ በር ላይ ጥላችሁ የሄዳችሁ፣ ሌሊት ካርድ የሞላችሁልኝ፣ ጭንቅላቴ አሁን እንደድሮው ስላልሆነ እንጂ ልቤ ውስጥ ናችሁ፣ አትቀየሙኝ። ቁጥር የጠየቃችሁኝ፣ ስንት ሴት ተመረመረ ያላችሁኝ፣ እሱን ጤና ጣቢያው ሪፖርት ያደርጋል፣ እኔ ልቆጥር አልሄድኩም።

እና አንድ ነገር፣ የእድሩ ስድስት ወንበር እኔ ቤት ነው ያለው፣ እሁድ ጠዋት አመጣለሁ። ቀይ ፔርሙስ ክዳኑ የተሰነጠቀ የማን ነው? ከኔ እቃ ጋር ተደባልቆ መጥቷል፣ ባለቤቱ ደውሉልኝ።