በግቤ ላይ ወይስ በግቤ በኩል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔና እናትሽ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ጉልበቴም ዝናቡ ሲያባራ ይሻለዋል።

«ወደ ጅማ በአውሮፕላን እንምጣ ወይስ በመኪና?» ብለሽ ስትጠይቂ እናትሽ ስልኩን ሳታቀብለኝ «በአውሮፕላን!» ብላ ዘጋችው። ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ! በስልክ ከእሷ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ መቼ እንደምትመጡ ቁረጡ። ለመስቀል ከሆነ እናትሽ ልክ ናት፤ ቲኬት ግዙ። በዚያ ሳምንት እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ የጉራጌ ነው። አዲስ አበባ የከረመው ሁሉ ለእናት ለአባቱ የገዛውን ጭኖ አገሩ ይገባል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁሉም ቸኩሏል፤ ሹፌሩም አንድ ምልልስ ለመጨመር ሲል ከእንቅልፉ ይቆርጣል። እኔ ራሴ በዚያ ሳምንት ጭነት የምቀበለው ተለምኜ ነበር። ጥቅምት ላይ ከሆነ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ ጓሯችን ያለው ቡናም መቅላት ይጀምራል፤ ያኔ የምለው አለኝ።

አውሮፕላኑን ለማጣጣል አይደለም። አንድ ጊዜ ተሳፍሬበታለሁ፤ የዓይኔ ሞራ አዲስ አበባ የተገፈፈልኝ ጊዜ፣ ስመለስ። ባለ ፕሮፔለር ነው፣ ሰባ ያህል ሰው ይይዛል። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ መሬቱን አይከልልም። ትልቁ ልጅሽ ከሞተሩ አጠገብ መስኮት ካገኘ ደግሞ ሊያርፉ ሲሉ ጎማው ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ወጥቶ ሲዘረጋ ያያል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ትንሿም ሁለት ዓመት ስላልሞላት ጭንሽ ላይ ትቀመጣለች። ሲወርድ ጆሮዋን እንዳያማት ጡት ወይም ጡጦ ስጫት።

በዚያች አዲስ ዓይኔ ግን የፈለግሁት መንገዴን ነበር። ወልቂጤን መሰለኝ አየሁ፣ ከዚያ አንድ ቡናማ ክር፤ ያ የግቤ ወንዝ ነው። አስተናጋጇ የሰጠችኝን ውሃ ጠጥቼ ሳልጨርስ አለፈ። በጭነት መኪና ቁልቁለቱንና ዳገቱን ለመጨረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ገደል! ለእናትሽ አልነገርኳትም እንጂ ቅር አለኝ።

በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ቦሌ ቀድሞ መድረሱን፣ ፍተሻውን፣ ጅማ ላይ ደመና ተኝቶ «ትንሽ ጠብቁ» የሚባለውን ስትጨምሪበት ግን ግማሽ ቀኑ ሄደ። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከልጆች ጋር ሰባት ሰዓት ያዢለት። ልዩነቱ ሰው እንደሚለው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለቤትሽ ጎበዝ ነጂ ነው፤ ቀለበት መንገድ ላይ አይቼዋለሁ። ግቤን ግን አልወረደም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግቤ ድልድይ ላይ ስትደርሱ ወደ 1,100 ሜትር ወርዳችኋል። ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ይጠማዘዝና አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ ሹራብ ታወልቃላችሁ፣ መስኮት ትከፍታላችሁ። ከመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎቹ እንደ ዕድርተኛ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። (ልጆቹ ሙዝ እንዳይወረውሩላቸው፤ ለምደው አስፋልት ላይ ነው የሚሞቱት።) ታች ወንዙ አለ፤ ጉማሬ ያለበት፣ ወርዶ ወርዶ ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ የሚገባው። ትልቁ ልጅሽ ይህን በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያየዋል፤ ካርታ ግን አይሞቅም።

በ1978 ዓ.ም. ኤንትሬ በምንለው የፊያት ጭነት መኪና ቡና ጭኜ ከዚህ ወደዚያ ስወርድ ፍሬኔ ግሎ እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ ቸኩዬ ፍሬን እየረገጥኩ ነበር የመጣሁት። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ። ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ጭቃ ሰመጠ። መኪናውን ከተራራው በኩል ካለው አፈር ጋር እያፋተግሁ ሳበርደው ረዳቴ ዘሎ ወርዶ፣ ከጎማ ሥር የሚገባውን ታኮ እንደታቀፈ ከጎማው ጋር ይሮጣል። ሦስት ጊዜ ወረወረው፣ ሦስት ጊዜ ተፈናጠረ። በአራተኛው ያዘ። ከዚያ ሁለታችንም መንገዱ ዳር ተቀምጠን አንድም ቃል ሳንነጋገር ሲጋራ አጨስን፤ እኔ ከዚያ በፊት አጭሼ አላውቅም።

ስለዚህ ለባለቤትሽ ንገሪው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከኋላ የሚነፋበት ካለ ዳር ይዞ ያሳልፈው፤ ቀድሞ ጅማ የደረሰ ሽልማት የለውም።

ሌላው ሰዓት ነው። ዓርብ ከሥራ በኋላ ተነስታችሁ ማታ እንገባለን የምትሉ ከሆነ መኪናውን እርሱት። ከሰዓት በኋላ ወደ ጅማ ሲነዳ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፤ እሱ ሲጠልቅ ደግሞ ከብቱና መብራት የሌለው ጋሪ ይተካል። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ውጡ። ፀሐይ ከኋላችሁ ይወጣል። ወሊሶ ላይ ቁርስ ብሉ፣ ልጆቹን አሯሯጧቸው። ሦስት ሰዓት ገደማ ወልቂጤ ናችሁ፤ ምሳ እዚህ ነው። ከሰኮሩ ወዲህ የግልገል ግቤን ግድብ ሐይቅ ታያላችሁ። አልሠራሁበትም፤ ሲሚንቶ አመላልሼበታለሁ።

ሐሙስ ማታ መንገዱ ሰላም መሆኑን እጠይቃለሁ፤ ዛሬም የሚደውሉልኝ ሹፌሮች አሉ። እነሱ «ይቅርባቸው» ካሉ ያለ ክርክር በአውሮፕላን ትመጣላችሁ፣ የአራታችሁን ቲኬት እኔ እገዛለሁ።

ደህና ነው ካሉ ግን እንዲህ አስቤያለሁ። ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ወልቂጤ ሄጄ አድራለሁ። ቅዳሜ እዚያ ታነሱኛላችሁ፤ አንቺ ከልጆቹ ጋር ከኋላ፣ እኔ ከባለቤትሽ አጠገብ። አላስተምረውም፣ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው። እናትሽ ይህን ሰምታ «መንገዱ ናፍቆት ነው፣ ልጆቹን ሰበብ አድርጎ» ብላ ስቃለች። ጉልበቴን አስታውሳኛለች። ለመቀመጥ ጉልበት አያስፈልግም ብያታለሁ።

እንግዲህ ቀኑን ቁረጡና ላኩብኝ። ወልቂጤ መግቢያ፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ ባርኔጣዬን ታውቂዋለሽ። ለትንሿ ትርፍ ልብስ በእጅ ያዢ፣ ጠመዝማዛው ላይ ማስመለሷ አይቀርም።

አባትሽ፣
ከጅማ